ምስሉ ጥርት ያለ፣ ድምፁ የታፈነ፦ የሆሳዕናና የዱራሜ መድረክ ቀረጻ ሲዳሰስ

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ ወይም ከሺንሺቾ የተለቀቀ የሠርግ፣ የኮንፈረንስ ወይም የመዘምራን ቪዲዮ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ምስሉ ብዙ ጊዜ የሚያኮራ ነው። ድሮን ከላይ እየወረደ ያነሣል፣ የዘማሪዋ የጥልፍ ክር ሳይቀር ይለያል፣ መብራቱም ታስቦበታል። ድምፁ ላይ ሲደረስ ግን ቤዙ ያጉረመርማል፣ ድራሙ ከሩቅ ይሰማል፣ ግጥሙ በኤኮ ይዋጣል። አንዳንዴም ከመዝሙሩ ይልቅ ካሜራው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሳል ጎልቶ ይወጣል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዙ ነው። የእህቱን ሠርግ፣ አብሮት ያደገውን መዘምራን፣ የአባቱን ምርቃት የሚያገኘው ጆሃንስበርግ ወይም ደርባን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ከስልኩ ነው። ምስሉ ቢደበዝዝም ዘመዶቹን መለየት አያቅተውም። ድምፁ ከጠፋ ግን ምርቃቱም መዝሙሩም አልደረሰውም።

ለምን ይህ ሆነ ሲባል የሚሰጠው መልስ «ዕቃ የለንም» የሚል ነው። ዕቃ መጉደሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት ካሜራና አንድ ድሮን ይዞ የመጣ ቡድን ለድምፅ አንድ ሰው ካልመደበ፣ ችግሩ የዕቃ ብቻ አይደለም። በተለመደው አሠራር መድረኩ ለሳውንድ ማኑ፣ ምስሉ ለካሜራ ማኑ ይሰጣል፤ የቪዲዮውን ድምፅ የእኔ ነው የሚል ግን የለም። ሳውንድ ማኑ የሚሠራው አዳራሽ ውስጥ ላለው ሰው ነው፤ ሞንታርቦው በደንብ ከተሰማና ካልጮኸበት ሥራው ሠምሯል። ካሜራ ማኑ ደግሞ ዓይኑ ፍሬሙ ላይ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚሞከሩት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም እኩል አይደሉም።

ከሁሉም በላይ የሚሠራበት ካሜራው ወይም ስልኩ ራሱ ላይ ያለው ማይክ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የድምፁን መጠን በራሳቸው ከፍና ዝቅ እንዲያደርጉ ሆነው ይመጣሉ። ለንግግር ይህ ጥሩ ነው፤ ለባንድ ግን ጥፋት ነው። ዘማሪው ለስለስ ሲል መሣሪያው ድምፁን ይስባል፤ የአዳራሹ ጉርምርምታና የወንበር ኮሽታ አብሮ ይወጣል። ድራሙ ሲገባ ደግሞ ሁሉንም ደፍቆ ያወርዳል፤ በጣም መጉላት የነበረበት የመዝሙሩ ክፍል ከሌላው አንሶ ይሰማል። መፍትሔው ይህን አውቶማቲክ አሠራር ማጥፋት፣ ከመጀመሩ በፊት ባንዱ ከሁሉ የሚጮኸውን ክፍል እንዲጫወት መጠየቅና መለኪያው ከኔጌቲቭ 12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጎ በእጅ መወሰን ነው። ከዚያ በኋላ አለመንካት። ስልኩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ድምፁን ለሌላ መሣሪያ መስጠት ይሻላል።

መጠኑ ቢስተካከልም ርቀቱ ይቀራል። አዳራሾቻችን በአብዛኛው ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ግድግዳቸው ልስን፣ ወለላቸው ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከመድረኩ ራቅ ብሎ የቆመ ማይክ የሚሰማው ዘማሪውን ሳይሆን ከአራቱም ግድግዳ ተጋጭቶ የተመለሰውን ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ በአዳራሹ ውስጥ ሆኖ ይህን ይቋቋማል፤ ፊቱን ወደ ዘማሪው አዙሮ ሌላውን ይተዋል። ማይክ እንዲህ አይመርጥም። ዝናብ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በልግም ክረምትም የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ቆርቆሮ ላይ የወረደን ዝናብ ደግሞ ከተቀዳ በኋላ የሚያጠፋው ሶፍትዌር አላገኘሁም። ከዝናብ የሚያድነው ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ልምምድ ላይ የተሰማ ድምፅ አያታልላችሁ፤ ባዶ አዳራሽና ጋቢና ኮት ለብሶ የተቀመጠ ሕዝብ ያለበት አዳራሽ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ይመጥጣል፤ መጋረጃና ምንጣፍም ያግዛል።

ስለዚህ ብዙዎች ወደ ሚክሰሩ ይሄዳሉ። ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። የማያስደስት ውጤት የሚገጥማቸውም እዚሁ ነው፣ ምክንያቱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ የተለመደ የእሑድ መድረክ እናስብ፦ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ድራም፣ መሪ ዘማሪና አራት ተቀባዮች። ኪቦርዱና ዘማሪዎቹ ወደ ሚክሰሩ ይገባሉ። ቤዙና ሊዱ የየራሳቸው አምፕ አላቸው። ድራሙ ማይክ የለውም፤ አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ያለ ማይክም ይበቃዋል። አሁን ከሚክሰሩ መውጫ ሽቦ ስበን ብንቀዳ የምናገኘው ምንድን ነው? ዘማሪው ከፊት ተደቅኖ፣ ኪቦርዱ ከሥሩ፣ ሊድ ጊታሩ እንደ ጥላ፣ ድራሙ ደግሞ በተቀባዮቹ ማይክ በኩል ሾልኮ የገባው ብቻ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው «ያ ቀን እንዲህ አልነበረም» ቢል እውነቱን ነው። ሳውንድ ማኑ ያጠፋው ነገር የለም፤ ሚክሰሩ ውስጥ የነበረው አዳራሹ ውስጥ ለጎደለው ማሟያ ነው እንጂ ሙሉው ሙዚቃ አይደለም።

ከዚህ የሚወጡበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «አክስ» ከሚባለው የሚክሰሩ ተጨማሪ መውጫ ለቀረጻ ብቻ የሚሆን ሌላ ሚክስ ማውጣት ነው። በዚህ ሚክስ ዘማሪው ዝቅ፣ ኪቦርዱ ከፍ ይላል፤ ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የሚያስገባ ዲአይ ቦክስ ይደረግለታል፤ ለድራሙም ሁለት ማይክ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ቤዝ ድራሙ ላይ፣ ይጨመራል፤ እነዚህ ወደ ሞንታርቦው ባይሄዱም ወደ ቀረጻው ይሄዳሉ። አክሱ ከፌደሩ በፊት የሚወስድ እንዲሆን ማድረግም ይጠቅማል፤ ሳውንድ ማኑ ለአዳራሹ ሲል ፌደር ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ቀረጻው አይናወጥም። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ንግግር ይጠይቃል። ከፕሮግራሙ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሄዶ ሳውንድ ማኑን በአክብሮት ያነጋገረ ቀራጭ ያገኘውን፣ መዝሙር ከተጀመረ በኋላ በሕዝቡ መካከል እየተሹለከለከ ሽቦ ይዞ የመጣ አያገኘውም።

ሁለተኛው መንገድ የሚክሰሩን ድምፅ ከአዳራሹ ድምፅ ጋር ማጋባት ነው። እንደ ዙም ኤች 4 ኤን ያሉ በእጅ የሚያዙ ሪከርደሮች በራሳቸው ማይክ አዳራሹን፣ በታችኛው ቀዳዳቸው ሚክሰሩን በአንድ ጊዜ በአራት ቻናል ይቀዳሉ። አንድ ሪከርደር፣ ሁለት ሽቦና አንድ ስታንድ ማለት ነው። ለአብዛኛው አጥቢያና ሠርግ ከዚህ የተሻለ የዋጋና የውጤት ሚዛን አላውቅም። ኋላ ላይ ሲቀናበር የሚክሰሩ ድምፅ ግጥሙን ያመጣል፤ የአዳራሹ ማይክ ድራሙን፣ ጭብጨባውን፣ የምእመኑን «አሜን» ያመጣል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ሪከርደሩ ከመድረኩ 20 ሜትር ርቆ ከቆመ የአዳራሹ ድምፅ ከሚክሰሩ ድምፅ ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቪዲዮ ይህ አንድ ፍሬም ተኩል ነው። ሁለቱ እንዳሉ ከተደመሩ እያንዳንዱ የስኔር ምት ሁለቴ ይሰማል። የአዳራሹን ትራክ ያን ያህል ቀደም ብሎ እንዲጀምር መሳብ በቂ ነው፤ ብዙ ሰው «ኤኮው በዛ» ብሎ የሚያማርረው ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ነው።

ሽቦው ራሱም ወጥመድ አለው። ከሚክሰር የሚወጣው ጠንካራ ላይን ምልክት ነው፤ የካሜራው የ3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ግን በአብዛኛው የማይክን ደካማ ምልክት ነው የሚጠብቀው። ልዩነቱ ከ40 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል፣ ስለዚህ ድምፁ ገና ከመግባቱ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ድምፅ ደግሞ ኋላ ቢቀንሱትም አይሰፋም። የሚያስፈልገው ምልክቱን የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ሌላው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። የሚክሰሩን ባላንስድ መውጫ በተገኘው ጃክ ወደ ካሜራው ስቴሪዮ ቀዳዳ የሰኩ እንደሆነ ግራውና ቀኙ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ ይቀዳል። በኢርፎን ሲሰሙት ትንሽ እንግዳ ቢሆንም ይሰማል። አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ሲከፈት ግን ሁለቱ ተጣፍተው ዘማሪው ድራሹ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ያለችግር የሰማችሁት ቪዲዮ «ድምፅ የለውም» የሚል መልእክት ከተከተለው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ አንዱን ቻናል መገልበጥ ወይም አንዱን ብቻ መውሰድ ያድነዋል።

ዲጂታል ሚክሰር ያለበት አዳራሽ ከሆነ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ዕድል አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ቤሪንገር ኤክስ 32 ለምሳሌ በአንድ የዩኤስቢ ሽቦ 32 ቻናል ለየብቻ ወደ ላፕቶፕ ያስተላልፋል። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ሲቀዳ በሰዓት ከ16 ጊጋ ባይት በላይ ቦታ ይወስዳል፤ በዛሬ ሃርድ ዲስክ ይህ ብዙ አይደለም። ከፕሮግራሙ በኋላ ተረጋግቶ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ማስተካከል ይቻላል። እንዲህ ያለ ሚክሰር ገዝተው ያን ሽቦ ሳይሰኩ የሚያልፉ እሑዶች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያመልጥ አቋራጭ አለ፦ ፕሌይባክ። ስቱዲዮ ውስጥ ተቀድቶ ያለቀውን መዝሙር ወይም ዘፈን መድረክ ላይ በተነሣ ምስል ላይ መለጠፍ። የከምባታ ኩራት በሆነው በአምበሪቾ ተራራ፣ በ777ቱ ደረጃዎች ላይ ክሊፕ የሚያሠራ ድምፃዊ ፕሌይባክ ቢጠቀም ተገቢ ነው፤ ያ ነፋስ ማይክ አያስይዝም። «ላይቭ» ተብሎ በተለቀቀ የአምልኮ ወይም የኮንሰርት ቪዲዮ ላይ የስቱዲዮ ድምፅ መደረቡን ግን እቃወማለሁ። ተመልካቹ የሚፈልገው ያ ሕዝብ በዚያ ቀን እንዴት እንደተቀበለ ነው። መሪዋ ዝም ብላ ሕዝቡ ብቻውን የወሰደው አዝማች በስቱዲዮው ቅጂ ውስጥ የለም።

ምስልና ድምፅ በተለያየ መሣሪያ ሲቀዱ የሚመጣው ችግር ማጋጠም ነው፤ ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከፍል ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1972 አሬታ ፍራንክሊን በሎስ አንጀለስ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራን ጋር ለሁለት ምሽት ዘመረች። ድምፁ በጥሩ ሁኔታ ተቀድቶ «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው አልበም በዚያው ዓመት ወጣ። ፊልሙን የቀረጸው ሲድኒ ፖላክ የታወቀ የሲኒማ ሰው ነበር። ነገር ግን ቀረጻው ላይ ክላፐር፣ ማለትም ምስልና ድምፅ ለማጋጠም የሚጨበጨበው ሰሌዳ፣ ስላልተመታ ምስሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ለብዙ ዓመታት ሳይቻል ቀረ። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በ2018 ነው፤ ዘማሪዋ ያን ጊዜ አርፋለች። ያልተመታ አንድ ጭብጨባ አንድን ሥራ ለአሥርት ዓመታት መጋዘን ውስጥ አስቀመጠ። ዛሬ ሶፍትዌር ድምፅ ለድምፅ አመሳክሮ ያጋጥማል፤ ይህ እንዲሆን ግን እያንዳንዱ ካሜራ ደካማም ቢሆን የራሱን ድምፅ መቅዳት አለበት። ሁሉም መሣሪያ ከበራ በኋላ መድረኩ ፊት ቆሞ አንዴ ጠንከር አድርጎ ማጨብጨብም ነፃ ነው። ሁሉንም በ48 ኪሎ ኸርዝ ማድረግ፣ ረዥም ኮንፈረንስ ከሆነም በየመሐሉ ጭብጨባውን መድገም ይበጃል፤ የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ፍጹም እኩል ስለማይሄድ ከረዘመ የዘማሪው ከንፈር ከድምፁ ይለያያል።

የመብራትም ነገር አለ። የሀገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ ላፕቶፑ ወይም ካሜራው ከሌላ ሶኬት ሲሰካ የሚሰማው የማያቋርጥ እምምታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ወይም ግራውንድ የሚያላቅቅ ዲአይ ቦክስ መሐል ማስገባት ይፈታዋል። የኤርዙን ሽቦ መቁረጥ ግን ሕይወት ያስከፍላል፤ ማይክ የያዘው ሰው ነው የሚመታው። ሪከርደሩ በባትሪ ይሥራ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ በሶኬት የነበረው መሣሪያ ፋይሉን ሳይዘጋ ይሞታል፤ በባትሪ የነበረው ግን ሕዝቡ በጨለማ ያለ ሞንታርቦ የዘመረውን ጭምር ይይዛል። የጥር ሠርግ ድንኳን ሲጣል ደግሞ ጀነሬተሩ የት እንደሚቆም ቀራጩ ይጠየቅ። ከሽማግሌዎቹ ወንበር ጀርባ ከሆነ ምርቃቱ ጠፋ ማለት ነው። ሽማግሌ ማይክ ሲሰጣቸው በትሕትና ከአፋቸው አርቀው ነው የሚይዙት፤ ስለዚህ ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ወይም ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሪከርደር ያስፈልጋል።

ስለ ኤኮ ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ጉዳቱ ከጣዕም ያልፋል። ሀዲይሳም ከምባትሳም የአናባቢ መርዘምና ማጠር፣ የተነባቢ መጥበቅና መላላት ትርጉም የሚለይባቸው ቋንቋዎች ናቸው። በሁለቱም ፈንጂ ተነባቢዎች አሉ። ሪቨርብና ዲሌይ የሚያደርጉት አጭሩን አናባቢ ማርዘም፣ በሁለት ተነባቢዎች መካከል ያለችውን ዝምታ መሙላት ነው። ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅ ሰው አይቸገርም። አዲስ መዝሙር የሚሰማ ግን፣ ይልቁንም በውጭ ሀገር ተወልዶ ቋንቋውን ከመዝሙር የሚማር ልጅ፣ የሚሰማው ሌላ ቃል ነው። አዳራሹ ራሱ ኤኮ እያለው ሚክሰሩ ላይ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። ቢያንስ ለቀረጻው የሚወጣው ድምፅ ደረቅ ይሁን፤ ሪቨርብ ኋላ ይጨመራል፣ ከገባ በኋላ ግን አይወጣም። ግጥሙን ከታች መጻፍም መልካም ነው። ሆሳዕና በመካነ ኢየሱስ የተመሠረተ ነባር የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ያላት ከተማ መሆኗን የሚያስብ ቀራጭ ይህን ትርፍ ሥራ አይለውም።

መድረክም ሞንታርቦም የሌለበት ሙዚቃ አለን፤ ከሁሉ የተዘነጋውም እሱ ነው። በመስከረም የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ ሲከበር ጨዋታው በክብ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ እግርና ጭብጨባ ምቱን ይይዛሉ። ሰክተው የሚቀዱበት ሚክሰር የለም። እዚህ አንድ ጥሩ ስቴሪዮ ሪከርደር በረዥም ስታንድ ከክቡ ጠርዝ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ የነፋስ መከላከያ ጠጉሩን ለብሶ ቢቆም ከየትኛውም ካሜራ ይበልጣል። የታችኛውን ድምፅ ከ80 ኸርዝ በታች መቁረጥ የነፋሱን ጉርምርምታ ይቀንሳል። መሬት ላይ ከተቀመጠ የእግሩ ምት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። አውጪው ከክቡ ወዲህና ወዲያ ስለሚዘዋወር ፈቃደኛ ከሆነ ገመድ አልባ ማይክ ይልበስ። ካሜራው ለተሻለ ምስል ሲሯሯጥ ሪከርደሩ ባለበት ይቆይ፤ ድምፁ በእያንዳንዱ ሾት ሲቀያየር ጆሮ ይደክማል።

በጥቂት ማይክ ጥሩ ድምፅ መያዝ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምሐ እሸቴ በአምሐ ሪከርድስ፣ ኋላም አሊ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ያወጧቸው ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚደመጡት የትራክ ብዛት ኖሯቸው አይደለም። ሙሉው ባንድ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጊዜ ተጫውቶ የተቀዳ ነው፤ ድምፁ ያነሰው ወደ ማይኩ ይጠጋ ነበር፣ የጮኸው ይርቅ ነበር። የዛሬ የመድረክ ቀረጻ ከዚያ ልምድ ሊወርስ የሚገባው ይህን ነው፦ ከቁልፍ በፊት የሰውና የማይክ አቀማመጥ።

ሲቀናበር ደግሞ የሚደመጥበትን ማሰብ ነው። በስቱዲዮ ስፒከር ያማረ ቤዝ በስልክ ስፒከር ላይ የለም፤ የቤዙን የላይኛውን ድምፅ ትንሽ ማጉላት ኖታውን በስልክ ያሰማል። ዩቲዩብ በድምፅ ጉላት መለኪያው ከኔጌቲቭ 14 ላፍስ በላይ የጮኸውን ራሱ ያወርደዋል፣ ስለዚህ ሁሉን ጨፍልቆ ማስጮህ ትርፍ የለውም፤ የሚቀረው ጭፍለቃው ብቻ ነው። በቀጥታ ሲተላለፍ ኔትወርክ ከደከመ ምስሉን ወደ 480 አውርዶ ድምፁን ማዳን ተገቢ ነው፤ ጆሃንስበርግ ያለው ወንድም የሚያመሰግነው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ውሉ ላይ ካሉት ካሜራዎች አንዱን ቀንሶ በዚያ ዋጋ ኢርፎን አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ማስገባት ይቻላል። መዘምራኖቻችን ውስጥ ጆሮ ያላቸው ወጣቶች ሞልተዋል፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። ድምፁ የአንድ ሰው ሥራ ሲሆን የተቀዳው ነገር ባለቤት ያገኛል፤ ፋይሉም ከሠርጉ በኋላ አይሰረዝም። የተጠበቀ ቅጂ ከዓመታት በኋላም ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የቢትልስ «ናው ኤንድ ዜን» የጆን ሌነንን ድምፅ ከአንድ አሮጌ የቤት ካሴት በኮምፒውተር ለይቶ ያወጣ ዘፈን ነው። በየቤቱ ያሉት የቀድሞ መዘምራን ካሴቶችም አንድ ቀን እንዲህ ይጸዱ ይሆናል። ዛሬ የሚቀዳው ግን ከመነሻው ተለይቶ ቢቀመጥ ያን ያህል ድካም አይጠይቅም፦ ያልተነካው ፋይል በሁለት ዲስክ፣ የመዘምራኑ ስም፣ ቦታውና ቀኑ፣ የትኛው ቻናል ላይ ማን እንደዘመረ በአንድ ወረቀት ተጽፎ።